ሄንሪን ማን ያስታውሰዋል?
ስለ ትዳር ክሕደትና ስለ ነፍስ ፈውስ ከአንድ ልቦለድ የምንማረው

በየቁምስናው ስለ ጋብቻ ታማኝነት ስናስተምር አድማጮቻችን አንገታቸውን ደፍተው በዝምታ ይሰሙናል። ትእዛዙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ትእዛዙ ከተሻረ በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ግን በአደባባይ የሚናገር የለም፤ ገመና ነውና። ስለዚህም የማንንም ጎረቤት ስም ሳናነሣ ልንነጋገርበት የምንችለው ታሪክ፣ ይኸውም ልቦለድ፣ ለምእመናንም ሆነ ለመምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ ጥሩ መሣሪያ ነው እንላለን።

ለዚህ ትምህርት የመረጥነው እንግሊዛዊው ደራሲ ግራሃም ግሪን እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመውንና በአማርኛ «የፍቅሩ ፍጻሜ» ልንለው የምንችለውን መጽሐፍ ነው። ግሪን እ.ኤ.አ. በ1904 ተወልዶ በ1991 ያረፈ ሲሆን፣ በ1926 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ቢገባም በገዛ ትዳሩ ታማኝ ሆኖ አልኖረም። ይህን የምንጠቅሰው ለሐሜት አይደለም። መጽሐፉን የጻፈው ከዳር ቆሞ የሚፈርድ ሳይሆን ቁስሉን በራሱ ላይ የሚያውቅ ሰው መሆኑን ለማስገንዘብ ነው። በነገራችን ላይ፣ መጽሐፉ የአዋቂዎች ነውና ለወጣቶች ክፍል አይሰጥ።

ታሪኩ የሚፈጸመው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያ ቀጥሎ በለንደን ከተማ ነው። ሣራ የመንግሥት ሹም የሆነው የሄንሪ ማይልስ ሚስት ናት። ሄንሪ ደግ፣ ነገር ግን ከመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ቀና የማይል ሰው ነው። ሞሪስ ቤንድሪክስ የተባለ ደራሲ በልቦለዱ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ሊያስገባ ፈልጎ ስለ ሄንሪ ጠባይ ለማጥናት ከሣራ ጋር ይተዋወቃል፤ ስለ ባልየው ሊጠይቅ መጥቶ ሚስቲቱን ይወዳል። ሁለቱ ለዓመታት በስውር ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1944 ቤንድሪክስ የሚኖርበት ቤት በጀርመን በራሪ ቦምብ ይመታል። ሣራ ከወደቀው በር ሥር የወጣ እጁን አይታ ሞቷል ብላ ታምናለች። ከዚያም በማታምንበት አምላክ ፊት ተንበርክካ፣ እርሱ በሕይወት ቢገኝ ለዘለዓለም ልትተወው ትሳላለች። ጥቂት ቆይቶ ቤንድሪክስ በእግሩ ይገባል። ሣራም ምክንያቱን ሳትነግረው ትለየዋለች። ቤንድሪክስ ሌላ ወዳጅ የያዘች መስሎት በቅናት ይቃጠላል፤ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም የግል መርማሪ ቀጥሮ ያስከትላታል። መርማሪው ሰርቆ ያመጣለት ማስታወሻ ደብተር ግን ተቀናቃኙ እግዚአብሔር መሆኑን ይገልጥለታል።

የሣራ ፈውስ በአንድ ሌሊት የተፈጸመ አይደለም። በስእለቷ ትማረራለች። አምላክ እንደሌለ የሚያሳምናት ፍለጋ፣ ሃይማኖትን በአደባባይ ወደሚቃወም ስማይዝ ወደሚባል ሰው ትመላለሳለች፤ የእርሱ ክርክር ግን ይበልጡን ወደ እምነት ይገፋታል። አንድ ቀን ባሏን ትታ ለመሄድ የስንብት ደብዳቤ ትጽፋለች፤ በዚያው ሰዓት ሄንሪ ሐዘን ሰብሮት ሲገባ ግን ልትለየው አይሆንላትም። ካህን ዘንድም ሄዳ ቤንድሪክስን ማግባት እንደማይፈቀድላት ትሰማለች። በመጨረሻም ብርድና ዝናብ ያባሰው የሳንባ ሕመም ይገድላታል። ከሞተች በኋላ በስማይዝ ጉንጭ ላይ የነበረው ምልክት መጥፋቱን፣ የመርማሪውም ልጅ መዳኑን ደራሲው ይተርካል። እኛ በዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። ግሪን ራሱም በኋለኛው እትም የስማይዝን ምልክት በሐኪም ቃል ሊብራራ ወደሚችል የቆዳ ሕመም ለውጦታል።

መጽሐፉን ለሚያነብቡ ቡድኖች የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ምናልባት ስእለቱ ይሆናል። በድንጋጤ የተሳለች ሴት በቃሏ ትታሰራለች? ጥያቄው ጥሩ ቢሆንም ዋናውን እንዳያስረሳን እንፈራለን። ሣራ ልትተው የተሳለችው ሳትሳልም ልትተወው የሚገባትን ነው፤ በጋብቻዋ ቀን ለሄንሪ የገባችው ቃል ከስእለቱ ይቀድማልና። እግዚአብሔር በዚያች የፍርሃት ጸሎት ተጠቅሞ ወደ ቀደመው ቃል መለሳት ብንል ከእውነት የምንርቅ አይመስለንም። ግሪን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው፣ በምዕራብ አፍሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በሚተረከው ልቦለዱ፣ ስኮቢ የተባለው የፖሊስ ሹም የዚህ ተቃራኒ ነው። ስኮቢ ወደ ንስሐ ቀርቦ ውሽማውን ለመተው ቃል ሊገባ ስላልቻለ ፍትሐት ሳያገኝ ይመለሳል፤ ሚስቱን ላለማሳዘን ሲል ግን ሳይገባው ይቆርባል። ለሁሉም እያዘነ ለማንም እውነቱን ሳይናገር ይጠፋል።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን ሄንሪ ነው። ሣራ ለእግዚአብሔር ነገረች፣ በደብተሯም ጻፈች፤ ባሏ ግን እውነቱን የሰማው ከቤንድሪክስ አንደበት ነው። በርግጥ የተናዘዘ ሰው ለትዳር ጓደኛው ሁሉን ዘርዝሮ ይናገር ዘንድ ቤተ ክርስቲያን በደፈናው አታዝም፤ ከነፍስ አባት ጋር በማስተዋል የሚታይ ጉዳይ ነው። ሆኖም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቁጥር 2381) ምንዝርን ፍትሕን የሚያጓድል በደል ይለዋል። በደል ደግሞ ተበዳይ አለው።

ወደ እኛ የሚመጡት አብዛኞቹ እንደ ሄንሪ ያሉት ናቸው፤ በአገራችንም ብዙውን ጊዜ ሚስቶች ናቸው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ እንባዋ ሳይደርቅ «ለልጆችሽ ስትዪ ተይው» ይሏታል። ባልየው ለምን እንደበደለ፣ ግንኙነቱን ስለማቋረጡም አጥብቆ የሚጠይቀው የለም። ሽማግሌነትን እናከብራለን፤ ይህን ግን ዕርቅ ብለን ለመጥራት እንቸገራለን።

የቤተ ክርስቲያን ሕግ ከዚህ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት የሕግ መጽሐፍ በቀኖና 863፣ በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕግም በቀኖና 1152፣ ተበዳዩ በክርስቲያናዊ ፍቅር ተነሣሥቶ ይቅርታን እንዳይነፍግ አጥብቀው ይመክራሉ። ምክር ነው፤ ግዴታ አላደረጉትም። ተበዳዩ በግልጽም ሆነ በአኗኗሩ ይቅር ካላለ፣ በምንዝሩ ካልተስማማ፣ ምክንያት ካልሆነና እርሱም ካልመነዘረ፣ የጋብቻው ማሰሪያ እንደጸና ተለይቶ የመኖር መብት አለው። በደሉን ካወቀ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መንግሥት ባለ ሥልጣን ሳያመለክት ስድስት ወር በትዳሩ አብሮ ከኖረ ይቅር እንዳለ ይገመታል። በራሱ ፈቃድ ተለይቶ እንደሆነም በስድስት ወር ውስጥ ጉዳዩን ለቤተ ክርስቲያን ባለ ሥልጣን ማቅረብ አለበት። መምህራን ሆይ፣ ይህን የስድስት ወር ነገር ልብ በሉት፤ ብዙዎች አያውቁትምና። ይቅርታ የምታደርግ ሚስት ባሏ አስቀድሞ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ እንዲያደርግ ብትጠይቅም ይቅርታዋ አይጎድልም፤ ሕይወቷን መጠበቅ መብቷ ነው።

ወደ ልቦለዱ እንመለስ። ከቀብሩ በኋላ ሄንሪ ቤንድሪክስን ከቤቱ አብሮት እንዲኖር ይጋብዘዋል፤ ባልና የሚስቱ ውሽማ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ይህ ይቅርታ ነው ወይስ የብቸኝነት ፍርሃት? ደራሲው አልነገረንም። አባ ክሮምተን የተባሉት ካህን ወደ ሄንሪ ቤት መጥተው የሚነጋገሩት ስለ ሟቿ ነው። በሚቀጥለው የቡድን ስብሰባችሁ ይህን ተወያዩበት፦ ሄንሪ በዚያ ሰሞን ወደ ቁምስናችሁ ቢመጣ ኖሮ፣ ከመካከላችሁ ማን ተቀምጦ ይሰማው ነበር? እርሱስ ምን ብሎ ይጀምር ነበር?