ለተመዘገበ ታሪካዊ ቤት ማደሻ ገንዘብ ከየት ይገኛል?

በእንግሊዝ አገር አሮጌ ቤት የገዛ ወይም የወረሰ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲል ይጠይቃል፦ «ቤቱን ቅርስ ነው ብሎ የመዘገበው መንግሥት ነው። መስኮቴን እንኳ ያለ ፈቃድ እንዳልቀይር ከልክሎኛል። ታዲያ ጣሪያው ሲያፈስ ለምን አይከፍልልኝም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ከሥሩ መጀመር ስለሚያስፈልግ ጉዳዩን ደረጃ በደረጃ እንመልከት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያስታውሱ።

መመዝገብ ምን ማለት ነው?

በእንግሊዝ ልዩ የሥነ ሕንፃ ወይም የታሪክ ዋጋ ያለው ሕንፃ በብሔራዊው የቅርስ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። እንዲህ ያለው ሕንፃ ሊስትድ ቢልዲንግ (በቅርስነት የተመዘገበ ሕንፃ) ይባላል። የአመዘጋገቡ መሠረት በ1940ዎቹ በወጡት የከተማ ፕላን ሕጎች ተጣለ፤ ዛሬ የሚሠራበት ዋናው ሕግ ደግሞ በ1990 የወጣው ነው።

የተመዘገቡ ሕንፃዎች በሦስት ደረጃ ይከፈላሉ። እጅግ የላቀ ዋጋ ያላቸው «ደረጃ አንድ» ሲሆኑ ከጠቅላላው 2.5 በመቶ ያህል ናቸው። ቀጥሎ የሚመጡት «ደረጃ ሁለት ኮከብ» ይባላሉ፤ እነሱም 5.8 በመቶ ያህል ናቸው። የቀሩት 91.7 በመቶ «ደረጃ ሁለት» ናቸው። ተራ ሰው የሚኖርበት የተመዘገበ ቤት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በሦስተኛው ክፍል ይገኛል። ይህን ቁጥር ልብ ይበሉ፤ ገንዘብ ሲያንስ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ ወደፊት የሚያስረዳን እሱ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ ምሳሌም አለ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በስደት የኖሩበት፣ ባዝ ከተማ የሚገኘው ፌርፊልድ ሃውስ ከተመዘገቡት ቤቶች አንዱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን በኋላ ለከተማው አስተዳደር ሰጥተውት አረጋውያን ሲገለገሉበት ኖረዋል። የቤት ባለቤትነት በድጋፍ ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ስንመለከት ይህን ቤት እናነሣዋለን።

ሕጉ ከባለቤቱ የሚጠብቀው

አንድ ቤት ሲመዘገብ የሚጠበቀው ፊቱ ብቻ አይደለም። ውስጡ ያለው የእንጨት ደረጃ፣ ምድጃው፣ ወለሉና በሩ ሁሉ በጥበቃው ይካተታሉ። በግቢው ውስጥ ከሐምሌ 1 ቀን 1948 በፊት የተሠራ አጥር ወይም ጓሮ ቤትም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠበቃል። የሕንፃውን ጠባይ የሚነካ ለውጥ ለማድረግ ከካውንስሉ (ከአካባቢው አስተዳደር) ልዩ ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ሲሆን፣ ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት፣ ጣሪያ የሌለው የገንዘብ መቀጮ ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የቀድሞው ባለቤት ያለ ፈቃድ ያፈረሰውን እንዲያስተካክል አዲሱ ገዢ ሊገደድ ስለሚችል፣ ከመግዛት በፊት ይህን ማጣራት ይገባል።

እዚህ ላይ ጥገናንና ለውጥን እንለይ። የተሰበረን የጣሪያ ሰሌዳ በዚያው ዓይነት ሰሌዳ መተካት ጥገና ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ፈቃድ አይጠይቅም። የእንጨት መስኮትን በፕላስቲክ መስኮት መተካት ግን ለውጥ ነው። የሁለቱ ድንበር ሁልጊዜ ግልጽ ስላልሆነ በካውንስሉ ያለውን ኮንሰርቬሽን ኦፊሰር (የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ) ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ባለቤቱ ቤቱን ችላ ቢለውስ? ካውንስሉ በቤቱ ላይ አስቸኳይ ጥገና አድርጎ ወጪውን ከባለቤቱ መጠየቅ ይችላል። ከዚያም አልፎ የጥገና ማስጠንቀቂያ ሊሰጥና ባለቤቱ እምቢ ካለ ቤቱን በግዴታ ሊገዛ የሚያስችለው ሥርዓት አለ። ስለዚህ የሕጉ መነሻ ሐሳብ ወጪው የባለቤቱ ነው የሚል ነው። ድጋፍ ከዚህ ደንብ ውጭ በልዩ ሁኔታ የሚመጣ ነገር ነው።

ጥገናው ለምን ይወደዳል?

አሁን ወደ ወጪው እንሂድ። አሮጌ የድንጋይና የጡብ ቤት የተሠራው በኖራ ነው። ኖራ ለስላሳ ስለሆነ ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይላላል፤ ወደ ግድግዳው የገባውን እርጥበትም በቀላሉ ወደ ውጭ ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ነው። በኖራ የተሠራ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣና ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል፤ ውርጭ ሲመጣም ድንጋዩ ይሰነጠቃል። በአገራችንም በጎንደር ቤተ መንግሥቶች ላይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተደረገው የሲሚንቶ ጥገና ለሕንፃዎቹ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ በኋላ ወደ ኖራው መመለስ አስፈልጓል።

ስለዚህ ርካሹ ጥገና ብዙ ጊዜ ጉዳት ነው። ተገቢው ጥገና ኖራ፣ እርሳስ፣ የባሉጥ እንጨትና እነዚህን የሚያውቅ የእጅ ባለሙያ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ባለሙያ ደግሞ ጥቂት ነው። በዚህ ላይ ቫት (የተጨማሪ እሴት ታክስ) 20 በመቶ ይጨመራል። እስከ 2012 መስከረም ወር መጨረሻ ድረስ በተመዘገበ መኖሪያ ቤት ላይ በፈቃድ የሚደረግ ለውጥ ከዚህ ታክስ ነፃ ነበር፤ ጥገና ግን ያኔም ይከፈልበት ነበር። ከጥቅምት 1 ቀን 2012 ጀምሮ ያ እፎይታ ቀርቷል። ያልተዘጋ አንድ ጠቃሚ በር ግን አለ፦ ቤቱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ለ2 ዓመት ሰው ያልኖረበት ከሆነ ታክሱ ወደ 5 በመቶ ሊወርድ ይችላል። ይህን ለሥራ ተቋራጩ ሒሳቡን ከማቅረቡ በፊት ይንገሩት፤ ቤቱ ባዶ እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃም ያዘጋጁ።

የሕዝብ ገንዘብ ለግለሰብ ቤት ለምን ይወጣል?

የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ለታሪካዊ ቤቶች ጥገና ድጋፍ መስጠት የጀመረው በ1953 በወጣው ሕግ ነው። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ የሚመራው ሐሳብ አንድ ነው፦ ገንዘቡ የሚሰጠው ለሕንፃው እንጂ ለባለቤቱ አይደለም። የግብር ከፋይ ገንዘብ የአንድን ሰው ንብረት ዋጋ እንዲያሳድግ ማንም አይፈልግም፤ ሕዝብ ሁሉ የሚያጣው ቅርስ እንዳይፈርስ ግን ይፈልጋል። ስለዚህ ሰጪው አካል ሦስት ነገር ይመዝናል፦ ሕንፃው ምን ያህል ከፍ ያለ ዋጋ አለው? አደጋው ምን ያህል ቅርብ ነው? ያለ ድጋፍ ሊጠገን አይችልም ወይ?

ሦስተኛውን ጥያቄ በቁጥር እንየው። ለማስረዳት ብቻ የሚከተለውን እናስብ፦ አንድ የተጎዳ ቤት አሁን ባለበት ሁኔታ 300,000 ፓውንድ ያወጣል። በአግባቡ ለመጠገን 150,000 ፓውንድ ያስፈልጋል። ድምሩ 450,000 ነው። ቤቱ ተጠግኖ ሲያበቃ ግን ገበያው የሚሰጠው 400,000 ብቻ ቢሆን፣ 50,000 ፓውንድ ማንም የማይመልሰው ክፍተት ይቀራል። አስተዋይ ነጋዴ በዚህ ሒሳብ ገንዘቡን አያወጣም፤ ቤቱም እየፈረሰ ይሄዳል። ይህ ክፍተት የቅርስ ጥበቃ ጉድለት ይባላል፤ የድጋፍ ገንዘብም በተለይ የሚሞላው ይህንን ነው። በተቃራኒው ጥገናው የቤቱን ዋጋ ከወጪው በላይ ከፍ የሚያደርግ ከሆነ ሰጪው «ከባንክ ተበድረህ ሥራው» ይላል።

ገንዘብ የሚጠየቅባቸው በሮች

የመጀመሪያው በር ሂስቶሪክ ኢንግላንድ የተባለው የመንግሥት ተቋም ነው። ለአስቸኳይ ጥገና ግራንት (የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ) ይሰጣል። ቅድሚያ የሚያገኙት ደረጃ አንድና ደረጃ ሁለት ኮከብ የሆኑ፣ በተለይም ተቋሙ በሚያዘጋጀው «ለአደጋ የተጋለጡ ቅርሶች» መዝገብ ላይ ያሉ ሕንፃዎች ናቸው። ደረጃ ሁለት የሆነ ቤት ከዚህ በር ገንዘብ ማግኘቱ አስቸጋሪ ነው፤ ቀደም ሲል ያየነው 91.7 በመቶ ምክንያቱን ይነግረናል። ያም ሆኖ ቤቱ በታሪካዊ ሰፈርነት በተከለለ አካባቢ ካለና አደጋ ከተጋረጠበት መጠየቅ አይከለከልም።

ሁለተኛው በር ካውንስሉ ነው። የ1990ው ሕግ ካውንስል ለታሪካዊ ሕንፃ ጥገና ድጋፍ ወይም ብድር መስጠት እንደሚችል ይደነግጋል። ይችላል አለ እንጂ ይገደዳል አላለም። ስለዚህ አንዱ ካውንስል ትንሽ በጀት ሲይዝ ሌላው ምንም ላይኖረው ይችላል። በቤተሰቡ ውስጥ አካል ጉዳተኛ ካለ ግን ሌላ መንገድ አለ፦ ቤቱን ለእሱ እንዲመች ለማድረግ የሚሰጠው ድጋፍ በእንግሊዝ እስከ 30,000 ፓውንድ ይደርሳል። ይህ ድጋፍ የሚመለከተው የሰውየውን ችግር ስለሆነ የቤቱ መመዝገብ አይከለክለውም፤ የለውጥ ፈቃዱ ግን ለብቻው ይጠየቃል።

ሦስተኛው በር ከብሔራዊ ሎተሪ ሽያጭ ገንዘብ የሚያገኘው የቅርስ ፈንድ ነው። ሥራውን የጀመረው በ1994 ነው። የግል ባለቤቶች ከ10,000 እስከ 250,000 ፓውንድ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ሆኖም ሕዝብ የሚያገኘው ጥቅም ከባለቤቱ የግል ጥቅም መብለጡን ማሳየት አለባቸው። ቤቱን ለጎብኚ መክፈት፣ ተማሪዎችን መቀበል፣ ለወጣቶች የእጅ ሙያ ሥልጠና መስጠት በዚህ ረገድ ይረዳሉ። «ጣሪያዬ ያፈሳል» ብቻ የሚል ማመልከቻ እዚህ አያልፍም።

አራተኛው በር በ1976 የተቋቋመው የሥነ ሕንፃ ቅርስ ፈንድ ነው። እሱ የሚያግዘው በጎ አድራጎት ድርጅቶችንና ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዞችን ነው፤ ለግለሰብ የቤት ባለቤት አይሰጥም። ፌርፊልድ ሃውስን ያነሣሁት ለዚህ ነው። ያ ቤት ዛሬ የሚተዳደረው በማኅበረሰብ ድርጅት ነው። ግንቡና ጣሪያው የአንድ ሰው የግል መኖሪያ በነበረበት ጊዜ የነበረው ያው ነው፤ ዓላማው የሕዝብ ሲሆን ግን ለግለሰብ የተዘጉ በሮች ሊከፈቱለት ይችላሉ። ከእነዚህ ሌላ ያሉትን ትናንሽ ፈንዶች ለማወቅ ሄሪቴጅ አሊያንስ የተባለው ኅብረት ከሥነ ሕንፃ ቅርስ ፈንድ ጋር የሚያዘጋጀውን የቅርስ ድጋፍ ማውጫ በነፃ ማየት ይቻላል።

ቅደም ተከተሉ ለምን ይወስናል?

ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው በቅደም ተከተል ስሕተት ነው። ትክክለኛውን መንገድ እንከተል።

በመጀመሪያ ቤትዎ በየትኛው ደረጃ እንደተመዘገበ በብሔራዊው መዝገብ ይፈልጉ፤ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው። ሁለተኛ፣ በአሮጌ ሕንፃ የሠለጠነ ሰርቬየር (የሕንፃ ይዞታ መርማሪ) ወይም አርክቴክት ይቅጠሩ። የእሱ ዘገባ የትኛው ጥገና አስቸኳይ፣ የትኛው ሊቆይ የሚችል መሆኑን ይለያል፤ ሰጪዎቹም የሚያምኑት ይህንን ነው። ሦስተኛ፣ ዘገባውን ይዘው ኮንሰርቬሽን ኦፊሰሩን ያነጋግሩ፤ ፈቃድ ካስፈለገ ያመልክቱ። አራተኛ፣ ከአንድ በላይ ከሆኑ ተቋራጮች የዋጋ ማቅረቢያ ይሰብስቡ። አምስተኛ፣ ለገንዘብ ያመልክቱ። የመጨረሻው እርምጃ ሥራውን መጀመር ነው።

ሥራው ለምን መጨረሻ ላይ መጣ? ሰጪው ገንዘቡን የሚያወጣው ያለ እሱ ሊሠራ ለማይችል ሥራ ነው ብለናል። አስቀድመው ከጀመሩት ግን ያለ ድጋፍ መሥራት እንደሚችሉ ራስዎ አስመሰከሩ። ለዚህ ነው ለተጀመረ ወይም ላለቀ ሥራ የማይከፈለው። ዝናብ ከገባ ግን ዝም ብለው አይጠብቁ፤ ቀዳዳውን በጊዜያዊ ሸራ ይሸፍኑ፣ ፎቶ ያንሡ፣ ለካውንስሉም ያሳውቁ።

ገንዘቡ ሲፈቀድ ውል አብሮ ይመጣል። ቤቱን በዓመት ለተወሰኑ ቀናት ለጎብኚ መክፈት፣ ወደፊት በሚገባ መንከባከብ፣ በውሉ በተወሰነው ዘመን ውስጥ ከሸጡ ከገንዘቡ መመለስ ሊጠየቁ ይችላሉ። እነዚህም ሁሉ ከዚያው ከአንዱ መርሕ ይመነጫሉ፤ የተሰጠው ለሕንፃው ነውና። ግላዊነትዎ ከገንዘቡ የሚበልጥብዎ ከሆነ ሳይፈርሙ መተው ነውር የለበትም።

ለቤት ሥራ የሚሆን

አብዛኛው የደረጃ ሁለት ባለቤት ግራንት ሳያገኝ ይቀራል። ለእሱ ትልቁ እርዳታ ጉዳቱ ሳይበዛ መያዙ ነው። ዊልያም ሞሪስና ጓደኞቹ በ1877 የመሠረቱት የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር ስለ ጥገና ለሚጠይቀው ሰው በስልክ ነፃ ምክር ይሰጣል፤ ይጠቀሙበት። ከዚያ አስቀድሞ ግን ሦስት ሥራዎች ይሥሩ፦ ቤትዎ በመዝገብ ላይ እንዴት እንደተገለጸ ያንብቡ፤ ዝናብ ሲዘንብ ዣንጥላ ይዘው ይውጡና ውኃው በየት በየት እንደሚፈስ ይመልከቱ፤ ቅጠል ረግፎ ሲያበቃ አሸንዳውን ይጥረጉ። የአሸንዳ ጠረጋ ማንም ግራንት የማይሰጥበት ተራ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በተደፈነ አሸንዳ ሞልቶ የፈሰሰ ውኃ የጣሪያውን ወራጅ ያበሰብሳል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልግዎ ገንዘብ ከላይ ካየናቸው ከአራቱም በሮች ላይገኝ ይችላል።