ሠፈራና የዱር ሀብት፦ ከሰሜን ተራሮች የሚገኝ ትምህርት

ድርቅ በደረሰበት ሥፍራ ሁሉ በቅድሚያ የሚታሰበው የሰው ሕይወት ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የተቸገረው ገበሬና የከሱት ከብቶቹ ወዴት እንደሚያመሩ ሲመረመር፣ መድረሻቸው ብዙውን ጊዜ ገና ያልታረሰ ተዳፋት፣ ያልተመነጠረ ደን ወይም ያልተጋጠ ሣር ሆኖ ይገኛል። ስለሆነም የዱር ሀብት ጥበቃ ከእርዳታና ከማቋቋም ሥራ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ለዚህም የሰሜን ጎንደር ደጋ ግልጽ ምሳሌ ነው።

ሀ/ የሥፍራው ይዞታ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ከደባርቅ አጠገብ ይገኛል። በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ ሥፍራዎች ጋር ተመዘገበ። በመጀመሪያ ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ በኋላ ተስፋፍቶ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደርሷል። ዋልያ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚኖረው በእነዚህ ገደሎች ብቻ ነው። በመላ አገሪቱ 500 ያህል ብቻ እንደሚቀሩ ከሚገመቱት ቀይ ቀበሮዎች ከፊሎቹ፣ እንዲሁም የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋዎች በዚሁ ይኖራሉ። የአስታው ቁጥቋጦ፣ የጓሳው ሣርና ጅብራው የክረምቱን ዝናብ ይዘው ቀስ በቀስ ለተከዜ ገባሮች ስለሚለቁ፣ የተራራው መራቆት የሚጎዳው አራዊቱን ብቻ ሳይሆን በታች ያለውን ገበሬም ጭምር ነው።

ለ/ የጉዳቱ መንስኤዎች

አንደኛው መንስኤ እርሻና ግጦሽ ነው። በታችኛው ምድር መሬት ሲጠብና ሲያረጅ የገብስ ማሳ ወደ ተዳፋቱ ይወጣል፤ አፈሩም በጥቂት ክረምት ታጥቦ ይሄዳል። ሣሩ በከብት ሲጋጥ ለቀይ ቀበሮ ምግብ የሚሆኑት አይጦች ይመናመናሉ። ከመንጋው ጋር የሚወጡ ውሾችም የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀበሮዎቹ ያስተላልፋሉ።

ሁለተኛው የአየር ንብረት ለውጥ ነው። በጠቅላላው ሲገመት፣ በየ100 ሜትር ከፍታ ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት አየሩ በ1 ዲግሪ ቢሞቅ የደጋና የውርጭ ወሰን ከ150 ሜትር በላይ ሽቅብ ይገፋል ማለት ነው። ውርጩ ሲለዝብ ገብስ ቀድሞ ወደማይበቅልበት ከፍታ ሊወጣ ይችላል፤ ውርጭ ወዳዱ እንስሳና ዕፅ ግን ተራራው ካለቀ በኋላ የሚሸሽበት የለውም። ደረቁ ወራት ሲበረታም እሳት ይከተላል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ የተነሣው ቃጠሎ ከአካባቢው ሕዝብ አቅም በላይ በመሆኑ፣ ለማጥፋት ሄሊኮፕተርና የውጭ አገር እሳት አጥፊዎች አስፈልገው ነበር።

ሦስተኛው የልማት አውታር ነው። በፓርኩ ውስጥ የተዘረጋው መንገድ ራቅ ያሉትን ወረዳዎች ከገበያ ጋር ቢያገናኝም የአራዊቱን መኖሪያ ከፍሏል። መንገዱ፣ ሠፈራውና የዋልያ ቁጥር መቀነስ ተደማምረው ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር እንዲገባ አደረጉት። ከዝርዝሩ የወጣው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ነው።

ሐ/ የሁለት ጊዜ ልምድ

በ1970ዎቹ መባቻ ከፓርኩ ሰሜናዊ ገደል ሥር ይኖሩ የነበሩ ከሺህ በላይ ሰዎች በግዴታ እንዲነሡ ተደረገ። በኋላ በአካባቢው በነበረው ጦርነት የፓርኩ አስተዳደር ሲቋረጥ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። የተፈናቀለ ሰው በአዲሱ ሥፍራ ኑሮው ካልተደላደለ ልቡም እግሩም ወደ ጥንቱ መሬት እንደሚያዘነብል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው የግጭ መንደር ዝውውር ነው። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳና የመኖሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። መንደሩ የነበረበት አምባም ከእርሻ ዐረፈ። ነገር ግን ዕድሜውን በገብስና በበግ የኖረ ገበሬ ከተማ ሲገባ እህሉን ከጓሮው ሳይሆን ከገበያ ይሸምታል። የካሳ ገንዘብ ያልቃል፤ ሙያ ግን አያልቅም። በመሆኑም የዚህ ዓይነቱ ሠፈራ ውጤት መመዘን ያለበት ሰዎቹ በወጡበት ቀን ሳይሆን፣ ከዓመታት በኋላ በሚኖሩት ኑሮ ነው።

የዋልያ ቁጥር በ2007 ዓ.ም. አካባቢ ከ800 በላይ ደርሶ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአካባቢው በደረሰው ጦርነትና ግጭት ጥበቃው ላልቶ፣ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወርዷል። ለዓመታት የተደከመበት ሥራ በአጭር ጊዜ ሊፈርስ እንደሚችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

መ/ ወደ ቆላ የሚደረግ ሠፈራ

ደጋው ሲጠብ በባለሥልጣናት ዘንድ የሚታሰበው ቆላው ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከደጋ ወረዳዎች የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች በመተማና በቋራ ሠፍረዋል። ይሁን እንጂ ይህም ምድር ባዶ አልነበረም። የዕጣን ዛፍ የሚበቅልበት፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብም አንበሳ የሚኖርበት የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኝበት ነው። ምንጣሮና የእርሻ እሳት በገፉ ቁጥር የዕጣኑ ዛፍ ይመናመናል፤ ለነባሩም ለሠፋሪውም የገቢ ምንጭ የነበረው ሀብት አብሮ ይጠፋል። የደጋውን ችግር ወደ ቆላ ማዛወር ብቻውን መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

ሠ/ ለሥራ ኃላፊዎችና ለእርዳታ ሠራተኞች

ከላይ ከተገለጸው የሚከተሉትን መገንዘብ ይጠቅማል፤

1. የሠፈራ ጥናት የሚለቀቀውንም የሚያዘውንም መሬት አብሮ ይመርምር። አንዱን ጠብቆ ሌላውን ማስመንጠር ትርፍ የለውም።
2. ዝውውሩ በፈቃደኝነት ይሁን፤ ከካሳው ጎን ለጎን የሙያ ሥልጠናና የሥራ ዕድል ይዘጋጅ።
3. በድርቅ ወራት የከብት መኖና ማገዶ ከእህል እርዳታ ጋር ይታሰብ። መኖ ያጣ መንጋ ወደ ጓሳው መውጣቱ አይቀርም።
4. የውሾች ክትባት፣ የእሳት መከላከያ መስመርና የጥበቃ ሠራተኞች ደመወዝ በችግር ጊዜም እንዳይቋረጥ ይደረግ።
5. ከፓርኩ ጎብኚ የሚገኘው ጥቅም በቅድሚያ ለአጎራባች ቀበሌዎች ይድረስ።

ተራራው ከተራቆተ ምንጩ ይነጥፋል፤ ምንጩ ከነጠፈ ደግሞ እርዳታ ጠባቂው ይበዛል። ስለዚህ ለሰሜን ተራሮች የዱር ሀብት የሚደረገው ጥበቃ ድርቅን አስቀድሞ የመከላከል ሥራ አንዱ ክፍል ሆኖ በዕቅድና በበጀት ሊያዝ ይገባል።