«ዲሳፖይንት» የተባለው የእንግሊዝኛ ግስ ትርጉምና ምንጭ

ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ ያለ ባለ ሱቅ ከገበያተኛው ጋር የሚነጋገረው በኦሮምኛና በአማርኛ ነው። ከባሕር ማዶ ዕቃ የሚያስመጣ ወይም እህልና ቅባት እህል የሚልክ ነጋዴ ግን ደብዳቤውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። በእንዲህ ያለው ደብዳቤ አንድ ግስ ያለ ቦታው ቢገባ የቆየ ደንበኝነትን ሊያናጋ ይችላል። ጥንቃቄ ከሚሹት ግሶች አንዱ «ዲሳፖይንት» ነው።

ግሱ ሁለት ክፍል አለው። «ዲስ» አፍራሽ ሲሆን፣ «አፖይንት» ደግሞ ነገርን ቆርጦ መወሰን ማለት ነው፤ ይህም በፈረንሳይኛ በኩል «ነጥብ» የሚል ትርጉም ካለው «ፑንክቱም» ከተባለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ኖርማኖች በ1066 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ብዙ የሹመትና የሕግ ቃላት በዚያው መንገድ ወደ እንግሊዝኛ ገብተዋል።

«አፖይንት» መሾምም ነው፤ ቀን መቁረጥም ነው። የእኛው «ቀጠረ» ሠራተኛ ለመያዝም ሆነ ቀን ለመወሰን እንደሚያገለግል ማለት ነው። «ዲሳፖይንት» በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ትርጉሙ «ሻረ» ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሽረትንና ቁጭትን እንዳገናኘ፣ የእንግሊዝኛውም ቃል ከሽረት ተነሥቶ «የተቆረጠን ነገር ማፍረስ»፣ ቀጥሎም «የጠበቁትን አጥቶ ቅር መሰኘት» ወደሚለው ትርጉም ደረሰ።

በመካከሉ ሌላ ትርጉምም ነበረው። በ1600 ገደማ በተጻፈው በሼክስፒር «ሐምሌት» ውስጥ፣ የተገደለው ንጉሥ መንፈስ ለሞት ሳይዘጋጅ መወሰዱን የሚገልጸው በዚሁ ቃል ነው። ይህን ተውኔት ወደ አማርኛ የመለሱት በአምቦ አቅራቢያ የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ናቸው።

ለነጋዴ ዋናው ቁም ነገር ቃሉ የማይለውን ማወቅ ነው። «ዲሳፖይንት» ማታለል ማለት አይደለም፤ ለማታለል «ዲሲቭ» የሚባል ሌላ ግስ አለ። ፈረንሳይኛ ወይም ጣሊያንኛ የተማረ ሰው በዚህ ሊሳሳት ይችላል። በፈረንሳይኛ «ዴስቯር»፣ በጣሊያንኛ «ዴሉዴሬ» ቅር ማሰኘት ሲሆኑ፣ የእነርሱ ዘመድ የሆኑት የእንግሊዝኛ ቃላት «ዲሲቭ» እና «ዴሉድ» ግን ማታለልና ማሳሳት ናቸው።

እንበል፤ አንድ የአምቦ ነጋዴ ያዘዘው የወፍጮ መለዋወጫ ዘግይቶ ደረሰ። «ዲሳፖይንትድ ነን» ብሎ ቢጽፍ፣ ሻጩ ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ጠይቆ ዋጋ ለመቀነስ ወይም ቀሪውን ቶሎ ለመላክ በሩ ክፍት ይሆንለታል። «ዲሲቭ አደረጋችሁን» ብሎ ቢጽፍ ግን በማጭበርበር ከሰሰ ማለት ነው፤ መልሱም ከሽያጭ ክፍል መሆኑ ቀርቶ ከጠበቃ ሊመጣ ይችላል። እውነተኛ ማታለል ሲኖር በግልጽ መጻፍ ተገቢ ነው፤ መዘግየትን ማታለል ብሎ መጥራት ግን ነጋዴውን ራሱን ይጎዳዋል።

የግሱ አገባብም ይታሰብበት። «ዲሳፖይንትድ» ቅር የተሰኘው ሰው ነው፤ «ዲሳፖይንቲንግ» ቅር የሚያሰኘው ነገር ነው። «እኛ ዲሳፖይንቲንግ ነን» ብሎ የጻፈ ነጋዴ «እኛ የማንረባ ነን» ብሎ ራሱን ሰደበ። በዕቃው ቅር ሲሰኙ «ዊዝ»፣ በሰው ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ «ኢን» የሚለው መስተዋድድ ይከተለዋል፤ ይህም ሁለተኛው የሰውየውን ጠባይ ስለሚነካ ከፊተኛው ይከብዳል።

ወደ አማርኛ ሲመለስም «ተስፋ ቆርጠናል» አይባልም፤ እንዲህ ማለት ግንኙነቱ አበቃ ማለት ነውና። ልኩ «ቅር ተሰኝተናል» ነው። ደብዳቤ ጸሐፊ በመጀመሪያ የተቆረጠውን ቀንና የውሉን ቃል ይጥቀስ፤ ቀጥሎ የሆነውን ይግለጽ፤ ከዚያ በኋላ ይህን ግስ ያስገባ። ግሱ ከምንጩ የፈረሰ ቀጠሮን የሚያመለክት ስለ ሆነ፣ የፈረሰው ቀጠሮ በፊቱ ካልተጻፈ ቅሬታው መሠረት የለውም።