ሰላምን ስለ መምረጥ፤ ከሑደይቢያ ውል የሚገኝ ትምህርት

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ ምእመናን ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ዕወቁ፤ መዋጋት ለሚችል ሰው ሰይፉን በአፎቱ አኑሮ በቃል መስማማት ከመዋጋት ይልቅ ይከብዳል። የዚህንም ምስክር በሑደይቢያ ታገኛላችሁ።

በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ፥ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ628 ዓ.ም.፥ ነቢዩ 1,400 ከሚያህሉ ባልደረቦቻቸው ጋራ ለዑምራ ወደ መካ ተጓዙ። ቁረይሾች ግን መንገዱን ዘጉባቸው። የበድር፥ የኡሑድና የኸንደቅ ደም ገና አልተረሳምና ለመዋጋት ምክንያት አልጠፋም ነበር። ሆኖም ነቢዩ ዑስማንን በመልእክተኛነት ላኩ፤ ቁረይሾችም በኋላ ሱሀይል ኢብኑ ዐምርን ለድርድር ሰደዱ።

ውሉን የጻፉት ዐሊ ነበሩ። ሱሀይል «የአላህ መልእክተኛ» የሚለውን ቃል በተቃወመ ጊዜ፥ ነቢዩ ቃሉ ተፍቆ «ሙሐመድ የዐብዱላህ ልጅ» ተብሎ እንዲጻፍ ፈቀዱ። ውሉም ጦርነት ለ10 ዓመት እንዲቆም፤ ሙስሊሞች በዚያ ዓመት ተመልሰው በሚቀጥለው ዓመት ለ3 ቀን መካ እንዲገቡ፤ ከቁረይሽ ያለ አሳዳጊው ፈቃድ ወደ ነቢዩ የመጣ እንዲመለስ፥ ከሙስሊሞች ወደ ቁረይሽ የሄደ ግን እንዳይመለስ የሚል ነበር። ይህ ለዑመርና ለብዙዎች እጅግ መራራ ሆነባቸው።

በዚያው ሰዓት የሱሀይል ልጅ አቡ ጀንደል ስለ እስልምናው ታስሮ ሳለ ሰንሰለቱን እየጎተተ ደረሰ። አባቱ በውሉ መሠረት እንዲመለስለት ጠየቀ። ነቢዩም አቡ ጀንደልን እንዲታገሥ መክረው መለሱት፤ ቃል ተሰጥቶ ነበርና።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ስለ ተከፈተ ሰው ከሰው ያለ ፍርሃት ተገናኘ፥ ተነጋገረም። የቁረይሽ ወዳጆች በኒ በክር የሙስሊሞችን ወዳጆች ኹዛዓን ባጠቁ ጊዜ ውሉ ፈረሰ። ሆኖም በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፥ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፥ ነቢዩ 10,000 ሰዎችን አስከትለው ጥቂት ደም ብቻ ፈሶ መካ ገቡ፤ ለጠላቶቻቸውም ምሕረት አደረጉ።

እናንት ነጋዴዎች ሆይ፥ ይህን ከሌላው ይልቅ ታስተውላላችሁ፤ የውል ትርፍ ሁሉ በተፈረመበት ዕለት አይታይም፥ ቃሉን ያፈረሰ ግን ገበያው ይዘጋበታል። እናንት ቤተ ሰቦች ሆይ፥ በርስት ወይም በድንበር ስትጣሉ አስታራቂ ላኩ፤ ስለ አንዲት ቃል ክብር ብላችሁ ሰላምን አታፍርሱ። የታረቃችሁበትም ቃል በከበዳችሁ ቀን ጠብቁት።

አላህ ቃላቸውን ከሚያከብሩት፥ በሰዎችም መካከል ከሚያስታርቁት ያድርገን። አሚን።