ብልጭታ የሌለው ብየዳ፡- የዳይፐርና የሞዴስ ማሽን ራሱን በራሱ እንዴት ያስተካክላል?

«ብየዳ» ሲባል ምን ይታያችኋል? መቼም ጥቁር መነጽር ያደረገ በያጅና የሚረጭ ብልጭታ መሆኑ አይቀርም፡፡ እኔም እንደዛው ነበርኩ፡፡ አክስቴ ዳይፐርና ሞዴስ በሚያመርት አንድ ፋብሪካ ውስጥ ከማሽኑ የሚወጣውን ዕቃ እያየች የተበላሸውን ትለያለች፡፡ ለሳይንስ ዘገባ ኮርስ ርዕስ ፍለጋ ስባዝን «ለምን የኛን ብየዳ አትጽፊም?» አለችኝ፡፡ «ጨርቅ ደግሞ ይበየዳል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁባት፡፡ ለካስ ይበየዳል!

ጨርቅ እንዴት ይበየዳል?

የዳይፐር ስስ ነጭ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ጥጥ አይደለም፡፡ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ፣ ሳይሸመን ክሮቹ እርስ በርስ የተያያዙ ጨርቅ ነው፡፡ ይህ ፕላስቲክ በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፡፡ ስለዚህ ሁለት ንብርብር አብሮ ቀልጦ ሲረጋ ያለ መርፌና ያለ ሙጫ ይያያዛል ማለት ነው፡፡

ሙቀቱ የሚመጣው ከእሳት ሳይሆን ከንዝረት ነው፡፡ ሶኖትሮድ የሚባል የብረት አካል በሰከንድ 20,000 ጊዜና ከዚያም በላይ ይንቀጠቀጣል፡፡ የሰው ጆሮ የመስማት ጣሪያ እዚያው አካባቢ ስለሆነ ንዝረቱ ራሱ አይሰማንም፡፡ ከትይዩው ጉብጉብ ያሉ ነጥቦች የተቀረጹበት ከበሮ ይሽከረከራል፡፡ የአንጥረኛ መዶሻና መስፍ በሉት፡- ሶኖትሮዱ መዶሻ፣ ከበሮው መስፍ፡፡ ጨርቁ በመሃላቸው ሲያልፍ ነጥቦቹ ያረፉበት ቦታ ብቻ ቀልጦ ይጣበቃል፡፡

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ችግሩ በመዶሻውና በመስፉ መካከል ያለችው ክፍተት ላይ ነው፡፡ የምትለካው በሚሊሜትር መቶኛ ነው፡፡ ከሰፋች ጨርቁ በደንብ አይያዝም፤ ዳይፐሩ ሕፃኑ ላይ ይከፈታል፡፡ ከጠበበች ጨርቁ ይበሳል፡፡ ይባስ ብሎ ብረት ከብረት ከተነካካ ውዱ ዕቃ ይጎዳል፡፡

ጠዋት በትክክል ተለክታ የተስተካከለች ክፍተት ደግሞ እንደዛው አትውልም፡፡ ሶኖትሮዱ ሲሠራ ይሞቃል፤ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፡፡ እስቲ እናስላው፡፡ 12.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ሶኖትሮድ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 0.06 ሚሊሜትር ይረዝማል፡፡ የቲታኒየም ከሆነ 0.02 ያህል ነው፡፡ ቢበዛ የአንድ ጸጉር ውፍረት ያህል ናት፤ ሆኖም የዚህ ግማሹ ወደ ክፍተቱ ቢገባ በቂ ጣጣ ነው፡፡

ሌላው ማዘንበል ነው፡፡ የሶኖትሮዱ አፍ ከከበሮው ጋር ትክክል ካልተያየ አንዱ ጠርዝ ሲበሳ ሌላው ጠርዝ ሳይጣበቅ ይቀራል፡፡

በድሮው አሠራር ማሽኑ ቆሞ፣ መካኒኩ ጋራዥ ውስጥ የካንዴላ ክፍተት እንደሚለካባት ዓይነት ስስ የብረት መለኪያ አስገብቶ ብሎን ያዞራል፡፡ ግን የሚለካው የቆመና እየቀዘቀዘ ያለ ማሽን ነው፡፡ ሲነሳ ነገሩ ይለወጣል፡፡ በደቂቃ 600 ዳይፐር የሚያመርት መስመር ቢሆን፣ አምስት ደቂቃ ተበላሽቶ ቢሠራ 3,000 ዳይፐር ገደል ገባ ማለት ነው፡፡

ማሽኑ ራሱን ሲያስተካክል

እዚህ ላይ ነው ዘዴው የሚመጣው፡፡ ሶኖትሮዱ በግራና በቀኝ በሞተር የሚንቀሳቀስ ይደረጋል፡፡ ሥራው በሦስት ደረጃ ይከፈላል፡፡

አንደኛ፣ መነሻ ማግኘት፡፡ ማሽኑ ሥራ ሳይጀምር ሶኖትሮዱ ቀስ ብሎ ወደ ከበሮው ይጠጋል፡፡ ልክ ሲነካ ያንን ቦታ «ዜሮ» ብሎ ይመዘግብና የታዘዘውን ያህል ወደኋላ ይመለሳል፡፡

ሁለተኛ፣ ማዳመጥ፡፡ ሴንሰሮች በግራና በቀኝ ያለውን ግፊት ይለካሉ፡፡ ሶኖትሮዱ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይልም ይታያል፡፡ ንዝረቱ ራሱ ሳይቀር መረጃ ነው፤ ብረቱ ሲሞቅ የንዝረቱ ፍጥነት በጥቂቱ ይወርዳልና፡፡

ሦስተኛ፣ ማረም፡፡ በሁለቱም በኩል ግፊት ከጨመረ ሶኖትሮዱ ይሸሻል፡፡ በአንድ በኩል ብቻ ከጨመረ ያዘነበለው ይቃናል፡፡ ከዚያ እንደገና ይለካል፣ እንደገና ያርማል፡፡ ማሽኑ አይቆምም፡፡

ሁሉን ግን አያውቅም

ሴንሰሩ የሚያውቀው ግፊትን እንጂ የግፊቱን ምክንያት አይደለም፡፡ ከበሮው ላይ ሙጫ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ቢጋገር ግፊት ይጨምራል፤ ማሽኑም «ክፍተቱ ጠበበ» ብሎ ይሸሻል፡፡ ያኔ ሳይበሳ ነገር ግን ሳይጣበቅ የሚወጣ ዳይፐር ይበዛል፡፡ ስለዚህ ማጽዳቱም፣ በየጊዜው ናሙና አንስቶ በእጅ ስቦ መሞከሩም አይቀርም፡፡ ካሜራ የተገጠመላቸው መስመሮች ቢኖሩም የሰው ዓይን አልተሰናበተም፡፡

ይሄን ሁሉ አንብቤ ለአክስቴ ላስረዳት ሄድኩ፡፡ የነሱ ማሽን በእጅ የሚስተካከለው ዓይነት ነው፡፡ በበሳ ዳይፐር ምክንያት «ዓይንሽ የት ነበር?» እየተባለች ስትወቀስ ከርማለች፡፡ ሶኖትሮዱ ሲሞቅ እንደሚረዝም ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና፣ «ማሽኑ ከተነሳ ሁለት ሰዓት ሲሞላው ነው የሚበላሸው ስል ማን ሰማኝ?» አለች፡፡

እኔ መጽሐፍ አገላብጬ የደረስኩበትን እሷ ያለ ሴንሰር ታውቀው ነበር፡፡ የጠየቃት ሰው ነው የጠፋው፡፡ በሚቀጥለው ጊዜ ፋብሪካ ለዘገባ ስንሄድ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ በፊት መስመሩ መጨረሻ ላይ የቆሙትን ሴቶች ብናናግር ምን ይመስላችኋል?