ልጄ ዝም አለችኝ

ጥያቄ፦ «ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ፣ ጻካኔ በሚባል ሎኬሽን (ሰፈር) ውስጥ እኔና ባለቤቴ ሱቅ አለን። ከንጋት እስከ ምሽት ከፍርግርጉ ኋላ ነን። የ14 ዓመት ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትረዳን ነበር፤ አሁን ግን ክፍሏን ትዘጋለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ሰው ፊት በአማርኛ ሳናግራት ትሸማቀቃለች። ስቆጣት ‹እኔ ምን እረባለሁ› ትላለች። ሰሞኑን ደብተሯ ላይ ‹ባልኖር ይሻላቸው ነበር› ብላ ጽፋ አየሁ። አባቷ ‹ጥጋብ ነው፤ አገር ቤት አያቷ ጋ ትሂድና ትቅመሰው› ይላል። ምን ይሻለኛል?»
እናት ነኝ፣ ከጻካኔ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብተሩ ላይ ካየሽው ልጀምር፤ ሌላው ይቆያል። ዛሬ ማታ ሱቁን ለባለቤትሽ ትተሽ አጠገቧ ተቀመጪ። «ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል ወይ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት። ብዙ ወላጅ «ባነሳው አስታውሳታለሁ» ብሎ ይፈራል። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ ብቻዋን የያዘችውን ያቀልላታል። አዎ ካለችሽ አትቆጪ፣ ብቻዋንም አትተያት። በሱቅም በቤትም ያለውን የአይጥ መርዝና መድኃኒት ቆልፉበት። ከሰጋሽ እዚያው ጻካኔ ወዳለው ፎሎሶንግ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ወረቀታችን አልታደሰም ብለሽ እንዳትቀሪ፤ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ድንገተኛ ሕክምና እንዳይከለከል ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2025 አንዳንድ ቡድኖች ክሊኒክ በር ላይ ቆመው የውጭ ዜጎችን ሲመልሱ ስለነበር ፍርሃትሽ ይገባኛል። ስልክ ግን በረኛ የለውም። ቻይልድላይን 116 ነጻ ነው፣ ልጅሽ ራሷም መደወል ትችላለች። ሳዳግ የሚባለው የድብርትና የጭንቀት ድጋፍ ድርጅት ደግሞ 0800 567 567 ላይ ሌሊትም ያነሳል።

ለባለቤትሽ በአክብሮት የምለው፣ ይህ ጥጋብ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። የእናንተ ልጅ ደግሞ በዚያ ላይ ሌላም ተጨምሮባታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የጆሃንስበርግና የአካባቢው ሱቆች ሲዘረፉ ሕፃን ነበረች፤ እናንተ በሹክሹክታ ስታወሩ ትሰማለች። ትምህርት ቤት የውጭ ዜጎች በሚሰደቡበት ቃል «ማኩዌሬኩዌሬ» የሚላት ካለ፣ ሰው ፊት አማርኛ የምትሸሸው ንቃችሁ ሳይሆን እንዳትለይ ብላ ነው።

እናንተ ቤት ይባል እንደሆነ አላውቅም፤ በስደተኛ ቤት ግን «ይህን ሁሉ የምንለፋው ለአንቺ ብለን ነው» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የሚነገረው በፍቅር ነው። ልጅ ጆሮ ሲደርስ ግን ዕዳ ይሆናል። ሌሊት የሚዘረፍ ሱቅ፣ የደከመች እናት፣ የተቆጣ አባት፣ ሁሉም በእሷ ምክንያት ይመስላታል። ያ ደብተር ላይ የሰፈረው የዚህ ሒሳብ መልስ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ስለዚህ በውጤቷና በሥራዋ ብቻ አታመስግኛት። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሒሳብ የማትቀበልበት፣ ዕቃ የማትደረድርበት ጊዜ ስጧት። ፀጉሯን እየሠራሽ አውሪያት፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ብዙ ነገር ይወጣል። ስታወራሽ ለመምከር አትቸኩዪ።

ላይፍ ኦሬንቴሽን የሚባለውን ትምህርት የሚያስተምራትን መምህር አግኝተሽ የሚሰድቧት ወይም የሚያስፈራሯት እንዳሉ ጠይቂ። ለሕክምና ስትወስጃት ነርሷ ልጅሽን ለብቻዋ ላናግር ብትልሽ አትከፊ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሕፃናት ሕግ 12 ዓመት የሞላትና ነገሩን የምታገናዝብ ልጅ በራሷ ፈቃድ እንድትታከም ይፈቅዳል። ጸሎቱም ጸበሉም ይቀጥል፤ ከሕክምናው ግን አያስቀራት።

አገር ቤት መላኩን በፍጹም አልስማማበትም። ለበዓል፣ ደስ ብሏት፣ ከአንቺ ጋር ብትሄድ መልካም ነው። አሁን ለቅጣት ብትላክ ግን «ባልኖር ይሻላቸው ነበር» ያለችውን እናንተው አረጋገጣችሁላት ማለት ነው። ይህን መልስ ለባለቤትሽ አንብቢለት። «አንቺ ሸክማችን አይደለሽም» የሚለውን ከአባቷም አፍ መስማት አለባት፤ ዛሬውኑ ይንገራት።