ከሸክላ እስከ ስልክ፦ የሙዚቃ ማድረሻ መንገዶች ለውጥና የባለሙያዎች ስም ዕጣ

መግቢያ

ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚነሡት ድምፃውያንና ባንዶች ናቸው። ዘፈኑ ከስቱዲዮ ወጥቶ ከአድማጭ ጆሮ የሚደርስበት መንገድ ግን የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታለፋል። የዚህ መጣጥፍ መነሻ ሐሳብ ሙዚቃን የሚሸከመው ዕቃ በተለወጠ ቁጥር ከድምፅ ጥራትና ከዋጋ በተጨማሪ ከዘፈኑ ጋር አብሮ የሚጓዘው መረጃም ይለወጣል የሚል ነው። መረጃ ሲባል እዚህ ላይ በተለይ የግጥም ደራሲው፣ የዜማ ደራሲው፣ የአቀናባሪውና የተጫዋቾቹ ስም ማለት ነው። ጉዳዩ ለታሪክ አጥኚም ለባለሙያው ኑሮም ቀላል አይደለም፤ ስሙ ያልታወቀ ባለሙያ ታሪክም ክፍያም አያገኝምና። ከዚህ በታች ሦስት የማድረሻ ዓይነቶች፣ ማለትም ሸክላ፣ ካሴትና ዲጂታል ፋይል በቅደም ተከተል ይታያሉ። «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

1. ሸክላ፦ ድምፅ ከባለቤቱ ሲለይ

በአዝማሪ ቤት ዘፋኙ ከአድማጩ ፊት ቆሞ ስለሚጫወት ማንነቱን ለማወቅ ጽሑፍ አያስፈልግም። አድማጩ ያየዋል፤ ግጥም ያቀብለዋል፤ ይሸልመዋል። ነገር ግን ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ሀገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ወዲህ፣ ዘፈን ዘፋኙ በሌለበት መሰማት ቻለ። ስምን በጽሑፍ የማስፈር አስፈላጊነት የጀመረው ከዚሁ ነው።

የሸክላ ኅትመት በሰፊው የታወቀው በ1960ዎቹ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ወጣቱ ነጋዴ አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. «አምኃ ሪከርድስ»ን አቋቁሞ ማሳተም ጀመረ፤ በስድስት ዓመታት ገደማም ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። አሊ አብደላ ካይፋም «ካይፋ ሪከርድስ»ን በመመሥረት ተከተለው።

ባለ 45 ዙሩ ሸክላ በእያንዳንዱ ገጽ የሚይዘው አንድ አጭር ዘፈን ነበር፤ መለያ ወረቀቱም ከእጅ መዳፍ አይበልጥም። በዚያች ጠባብ ክብ ላይ የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ርዕስና የአሳታሚው ምልክት ቅድሚያ ሲያገኙ፣ ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰውና መሣሪያውን የተጫወተው ሰው ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ ይቀር ነበር። እንደ ግርማ በየነ ያሉ ታላላቅ አቀናባሪዎች ከሙያ ባልደረቦቻቸው ውጭ በአቀናባሪነታቸው ይበልጥ የታወቁት፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ የታተመው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ የሲዲ ስብስብ ከማብራሪያ ጽሑፍ ጋር ከወጣ በኋላ ነው።

2. ካሴት፦ የስም ማስፈሪያ ቦታ መስፋትና ማምለጫው

ፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት በኢትዮጵያ ሸክላን የተካው በደርግ ዘመን ነው። የሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን በማዳከሙ ሙዚቃ ወደ ቤት ገባ፤ ቴፕ ያለው ቤት የጎረቤትም መሰብሰቢያ ሆነ። በመንገድ ዳር ያሉ ሙዚቃ ቤቶች አዲስ የወጣውን ሥራ በድምፅ ማጉያ ለአላፊ አግዳሚው ያሰሙ ስለነበር፣ ገዢው ሰምቶ፣ መርጦ ይገዛ ነበር።

ካሴት ሁለት ነገሮችን ለወጠ። በመጀመሪያ አንድ ሰዓት ያህል ድምፅ ስለሚይዝ አልበም የሙዚቃ ሥራ መለኪያ ሆነ። አድማጩም አንድን ዘፈን ለመዝለል ክሩን ማጠንጠን ይኖርበት ስለነበር፣ ሥራውን ከኤ ገጽ እስከ ቢ ገጽ በድምፃዊው ቅደም ተከተል ያዳምጥ ነበር። ሁለተኛ፣ ታጥፎ በማቀፊያው ውስጥ የሚገባው ሽፋን ከሸክላው መለያ የሰፋ ቦታ አስገኘ። «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» የሚለው የዝርዝር ልማድ በዚህ ወረቀት ላይ ሥር ሰደደ። እንደ ይልማ ገብረአብ ያሉ የግጥም ደራሲያንና እንደ አበበ መለሰ ያሉ የዜማ ደራሲያን ፊታቸውን አይቶ በማያውቅ አድማጭ ዘንድ በስም ሊታወቁ የቻሉት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

የስሙ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የኃይሉ መርጊያ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ አሜሪካ ከቀረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ብቻውን የተጫወተበትን ካሴት አወጣ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ይህን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ ሙዚቀኛውን አፈላለገው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ ዓለም አቀፍ መድረክ ተመለሰ። አሳታሚው በእጁ የያዘው ፍንጭ በካሴቱ ላይ የሰፈረው ስም ነበር። ያው ሙዚቃ ያለ ስም ቢገኝ ኖሮ ወደ ባለቤቱ የሚያደርስ መንገድ ማግኘት እጅግ ያዳግት ነበር።

ይሁን እንጂ ካሴት ማምለጫም ነበረው። በባዶ ክር ላይ የተገለበጠ ቅጂ ሽፋን አይከተለውም፤ በእስክሪብቶ የሚጻፍበት የዘፋኙ ስም ብቻ ነው። ቢሆንም ከቅጂ ቅጂ ሲወሰድ ድምፁ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ዋናውን ከነሽፋኑ ለመግዛት ምክንያት ነበር።

3. ዲጂታል ፋይል፦ ቦታው ሞልቶ ስም ሲጠፋ

ዲጂታል ቅጂ ይህን ገደብ አስወገደው፤ ሺኛው ቅጂ ከመጀመሪያው አይለይም። ከሲዲ ቀጥሎ ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ፣ ከዚያም ዩቲዩብና ቴሌግራም ዋነኛ የሙዚቃ መገኛ ሆኑ። ስልክ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች ለደንበኛቸው የሚሰጡት የፋይሎች ክምችት ነው። አድማጩ አልበም መያዙን ትቶ የተመረጡ ዘፈኖችን ይይዛል፤ በጆሮ ማዳመጫም ለብቻው ይሰማል።

እዚህ ላይ ተቃርኖ ይታያል። የኤምፒ3 ፋይል ከድምፁ ጋር የባለሙያዎችን ስም የሚያስገቡበት ክፍል ያለው በመሆኑ፣ በመርሕ ደረጃ ከየትኛውም ሽፋን የበለጠ መረጃ መያዝ ይችላል። በተግባር ግን ይህ ክፍል ባዶ ሆኖ ወይም ፋይሉ «ትራክ 01» ተብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። መረጃውን የመሙላት ኃላፊነት የአሳታሚው መሆኑ ቀርቶ ፋይሉን በሚያሠራጨው ማንኛውም ሰው እጅ ወድቋል። በዩቲዩብ ላይ አንዳንድ አሳታሚዎች ዝርዝሩን በሚገባ ያሰፍራሉ፤ አድማጮችም የጎደለውን ስም ከትዝታቸው ሲያሟሉ ይታያሉ። ይህ መልካም ቢሆንም ያልተረጋገጠ መረጃ ነው።

ጉዳዩ ወደ ገቢ ሲመጣ ይጠብቃል። ቀደም ሲል የግጥምና የዜማ ደራሲ በተለምዶ ዋጋውን አንድ ጊዜ ተቀብሎ ይለያይ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ያስጠብቃል፤ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ የሞራል መብትም ይሰጠዋል። በዲጂታል ሥርጭት እያንዳንዱ የድምፅ ቅጂ የሚለይበት ባለ 12 ፊደልና አኃዝ ዓለም አቀፍ መለያ አለ። ይህ መለያ የሚያመለክተው የተቀረጸውን ድምፅ እንጂ ግጥሙንና ዜማውን አይደለም፤ ለእነዚህ ሌላ ምዝገባ ያስፈልጋል። ስለዚህ በቅጂው ላይ ያልተመዘገበ ደራሲ ዘፈኑ የቱንም ያህል ቢደመጥ ድርሻው ሊሰላለት አይችልም። በ2011 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረበት «አውታር» የተሰኘው የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ፣ ባለሙያዎች ራሳቸው ለዚህ ችግር መፍትሔ የፈለጉበት ሙከራ ተደርጎ ሊታይ ይገባል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ንጽጽር እንደሚያሳየው፣ ስም ከዘፈን ጋር መጓዙን የሚወስነው ቴክኖሎጂው ያለው ቦታ ብቻ አይደለም። ሸክላ ጠባብ ስለነበር ስም ቀረ፤ ካሴት ሲሰፋ ስም ገባ፤ ዲጂታል ፋይል ወሰን የለሽ ቦታ እያለው ስም ጠፋ። ወሳኙ፣ ስሙን የማስፈር ኃላፊነት የተጣለበት አካል መኖሩ ነው። ከዚህ በመነሣት ሁለት ተግባራት ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል። የመጀመሪያው በግለሰቦችና በሙዚቃ ቤቶች እጅ ያሉ የሸክላ መለያዎችና የካሴት ሽፋኖች ከመጥፋታቸው በፊት በፎቶግራፍ ተነሥተው እንዲመዘገቡ ማድረግ ነው፤ ብዙ ሰው ድምፁን ወደ ፋይል ካዛወረ በኋላ ሽፋኑን ይጥላልና። ሁለተኛው እነዚያን ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ ዝርዝሩን ማረጋገጥ ነው። ሁለቱም ከፍተኛ ወጪ የማይጠይቁ፣ በሙዚቃ፣ በታሪክና በቤተ መጻሕፍት ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሊሠሩ የሚችሉ ተግባራት ናቸው።